የቢቸናው ጎራዴና የሞጣው ሾተል

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ በዚህ ወር የተጓዘ ሰው፣ ዳስ ያልተጣለበት መንደር ማግኘት ይቸግረዋል። እኛም ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር በዚሁ መንገድ ስንጓዝ፣ ከቢቸና ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ወዳለ አንድ የሠርግ ቤት ተጠራንና ገባን። ጠላው ከተቀዳ፣ አዝማሪውም መሰንቆውን ከቃኘ በኋላ፣ አንድ ጎልማሳ ከምሰሶው ላይ ጎራዴ አውርዶ መዘዘና ይፎክር ጀመር። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የፈረስ ስም፣ የተሻገሩት ወንዝ ስም ሁሉ ተራ በተራ ተጠራ። ፎከራው ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ የእኛን ዐይን የያዘው ግን ጎራዴው ነው። ስለቱ ዛሬም ያብረቀርቃል፤ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተጠረበ ነው፤ ሰገባው በቀይ ቆዳ ተለብጧል።

ፎከራው ሲያልቅ የቤቱን ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ይህ ጎራዴ የት የተሠራ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እዚሁ እነማይ ነዋ! አያቴ አሠርተውት፣ አባቴ ጣልያንን ተዋግተውበት፣ ለእኔ ደረሰ። የሰው አገር ዕቃ በቤቴ የለም» አሉን።

ፈቃዳቸውን ለምነን ከሰገባው አወጣነውና ወደ ብርሃን አዞርነው። በስለቱ ጎን ዘውድ የደፋ አንበሳ ተቀርጿል። «ሞዓ አንበሳ» የሚል ጽሑፍም አለ፤ ከፊደሎቹ አንዱ ተገልብጦ ቆሟል። ከእጀታው ሥር ደግሞ፣ አውራ ጣት በሚሸፍናት ቦታ፣ ደቃቅ የላቲን ፊደሎች ታትመዋል፤ ሲነበቡ ሶሊንገን ይላሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ሳቀ።

ሽማግሌው ሳቁን አልወደዱትም። «እኔ የፈረንጅ ፊደል አላነብም፤ ጎራዴው የሠራውን ሥራ ግን አውቃለሁ» አሉና ወደ ሰገባው መልሰው ሰቀሉት።

ነገሩ በዚህ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ እኛም ብዕር ባላነሣን። ዳሩ ግን በማግሥቱ ሞጣ ገባን። በሞጣ አንድ ወጣት ሹም በየቤቱ የሚገኘውን የጥንት ዕቃ እየዞረ ይመዘግባል። ትጉህ ልጅ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ መዝገቡ ግን ንጹሕ ነው። ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት አብረነው ብንገባ፣ እኒያ እናት ከሣጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ሾተል አወጡ። ወገቡ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ሾተል ነው። እጀታው ከእንጨት ነው። አገላብጠን አየነው፤ አንበሳ የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ የውጭ አገር ምልክት የለው። በጎንና በጎኑ የሚታየው የመዶሻ ዱካ ብቻ ነው።

ወጣቱ ሹም የያዘው ቅጽ «የተሠራበት አገር» የምትል አንዲት መሥመር አለችው። ጥቂት እንኳ ሳያመነታ በዚያች መሥመር ላይ «ግብፅ» ብሎ ጻፈ። ምነው ብንለው፣ በመጽሐፍ ውስጥ የፈርዖንን ማጭድ መሰል ሰይፍ ሥዕል አይቻለሁ፣ ቁርጥ ይህንኑ ይመስላል አለ። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የለም የፖርቱጋል ነው፣ ድልድዩንስ የሠሩት እነሱ አይደሉም ወይ ብሎ ተነሣ። ሁለተኛው ደግሞ ጎባጣ ሰይፍ ሁሉ የቱርክ ነው አለ። ወይዘሮዋ ሦስቱንም ካደመጡ በኋላ፣ «እንደ እናንተ አነጋገርማ፣ ባለቤቴ ፈረንጅ ኖሯል፤ እኔ ሳላውቅ ስንት ዘመን አብሬው ኖርሁ!» አሉ።

እንግዲህ አንባቢያችን ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ። በቢቸና ከጀርመን አገር የመጣ ስለት የእነማይ ልጅ ተብሎ ይፎከርበታል። በሞጣ ደግሞ በአገር ልጅ መዶሻ የተቀጠቀጠ ሾተል ለፈርዖን ተሰጥቷል። በአንደኛው ቤት የባዕዱን የእኛ አልነው፤ በሁለተኛው ቤት የእኛን ለባዕድ አስረከብን። በሁለቱም ቤት ዕቃውን ራሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በቢቸናው እንጀምር። ሶሊንገን በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ አካባቢ ያለች ከተማ ናት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሰይፍና በቢላዋ ሥራ ስሟ የተጠራ ነው። ከዚች ከተማ የወጣ ስለት ያልደረሰበት የዓለም ክፍል ጥቂት ነው፤ ወደ እኛም አገር በብዛት ገብቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ገበያ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በጎንደር አድርጎ ወደ ምጽዋ በሚወርደው፣ በመተማም አድርጎ ወደ ሱዳን በሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድና ቡና በባሶ ገበያ ከሰሜን ከመጣው ሸቀጥ ጋር ይለዋወጥ ነበር። የኋላ ኋላም የጂቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ዕቃው በሌላ በር ይገባ ጀመር። የጀርመን ሠራተኞች የኢትዮጵያን ገዢ ፍላጎት ስለ ተረዱ፣ ስለቱን እንደ ደንበኛቸው ፈቃድ አጉብጠው፣ አንበሳ ቀርጸው፣ የግዕዙን ፊደል ቅርጹን እያዩ አስመስለው ይልኩ ነበር። ፊደል የማያውቅ ቀራጭ አንዱን ቢገለብጠው አይፈረድበትም።

ታዲያ የቢቸናው ሽማግሌ ዋሹን? በእኛ አስተያየት አልዋሹም፤ ግማሹን ነው የነገሩን። ከውጭ የመጣ ስለት እጀታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። የአገሩ እጀታ እንደ ፈረንጅ ሰይፍ የጣት መከላከያ የለውም፤ መካከሉ ቀጠን፣ ሁለት ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ከአውራሪስ ወይም ከጎሽ ቀንድ፣ አለዚያም ከእንጨት የሚወጣ ነው። ሰገባውን የሚሰፋው የአገሩ ቆዳ ሠሪ ነው። አታጣጠቁም የአገር ነው፤ ፈረንጅ ሰይፉን በግራ ጎኑ ሲታጠቅ፣ የእኛ ሰው በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ ግራ እጁ የጋሻ ነውና። እንግዲህ የእኒያ ሽማግሌ አያት ጎራዴውን በእነማይ «አሠሩት» ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ስለቱን ገዝተው ቀሪውን አሠርተዋል። አባታቸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የመከራ ዘመን፣ በላይ ዘለቀ በቢቸና አውራጃ ጠላትን መቆሚያ መቀመጫ በነሳበት ወቅት ታጥቀውት ከነበረ፣ የሂትለር አገር ብረት የሂትለርን ወዳጅ የሙሶሊኒን ጦር ወጋ ማለት ነው። ታሪክ እንዲህ ያለውን ቀልድ ይወዳል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ነውር እንዳይመስል ሌላውንም አገር እንይ። የስኮትላንድ ተራራ ሰዎች በሰይፋቸው እጅግ ይኮራሉ፤ በብዙዎቹ ስለቶች ላይ ግን «አንድሪያ ፌራራ» የሚል የጣልያን ሰው ስም ተቀርጿል። ነገሩ ሲመረመር አብዛኞቹ በዚያው በጀርመን አገር የተሠሩ ሆነው ተገኙ። የስኮትላንድ ሰው ስለቱን ከጀርመን፣ ስሙን ከጣልያን ወስዶ፣ በራሱ እጀታ ገጥሞ የስኮትላንድ ሰይፍ አደረገው፤ እስከ ዛሬም የስኮትላንድ ሰይፍ ይባላል። የዳማስቆ ብረት የተባለውም እንዲሁ ነው። ስሙ የሶርያ ከተማ ስም ይሁን እንጂ፣ ለምርጡ ስለት የሚሆነው ብረት ከህንድ አገር ይመጣ ነበር። በጎረቤታችን በሱዳንም ካስካራ የሚባለው ቀጥ ያለ ሰይፍ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ ስለት የተሠራ ነው፤ ሱዳናዊ አይደለም የሚል ግን የለም።

አሁን ወደ ሞጣ እንመለስ፤ ከባዱ ነገር እዚያ ነው።

በመጀመሪያ የፖርቱጋሉን ነገር እናንሣ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ሰባራ ድልድይ የሚባል የጥንት የድንጋይ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት የተሠራ ሲሆን፣ መካከሉ በጣልያን ወረራ ዘመን ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ ወዲህና ወዲያ በሚጎትቱት ሰዎች ጉልበት ሲሻገር ኖረ፤ በ1994 ዓ.ም በውጭ አገር በጎ አድራጊዎችና በአገሬው ጉልበት ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ አፈረሰው፤ ከዚያም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ይህን ድልድይ ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ዳሩ ግን ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ዓ.ም ነግሠው በጥቂት ዓመት ውስጥ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ መሆናቸውን ማንም ተማሪ ያውቃል። ከዚያ በፊት እንኳ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በጢስ ዓባይ አጠገብ አላታ በተባለው ቦታ ለተሠራው ድልድይ የኖራውን ድንጋይ ያገኘው ከህንድ የመጣ ባለሙያ እንደ ነበረ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፍ ራሱ ይመሰክራል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የተሸከመውና የካበው እጅ የማን እንደ ነበረ ግን ማንም አልጻፈም። ስለዚህ ድልድዩን ለሾተሉ ምስክር አድርጎ ማቅረብ፣ ምስክሩ ራሱ ዋስ የሚያስፈልገው ነው።

የፖርቱጋል ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1541 ዓ.ም ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር ሲመጡ ቁጥራቸው 400 ያህል ነበር፤ ይዘው የመጡት ነፍጥና ቀጥ ያለ የአገራቸው ሰይፍ ነው። እንደ ማጭድ የጎበጠ ሰይፍ በሊዝቦን አልነበረም፤ በሌላቸው ነገር አስተማሩን ማለት አይቻልም።

የቱርኩ ነገር ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቱርኮች እ.ኤ.አ. ከ1557 ዓ.ም ጀምሮ ምጽዋን ይዘው ነበር፤ የጎበጠ ሰይፍም ነበራቸው። ነገር ግን የቱርክና የፋርስ ሰይፍ ጉብጠት ወደ ኋላ ነው፤ የሚቆርጠው በውጭው ወገን ነው። ይህ ለጎራዴው ዘመድ ቢሆን አይደንቅም፤ ጎራዴም ወደ ኋላ ይጎብጣልና። ቱርኮች ጋዳሬ የሚሉት ሰፊ ሰይፍ ስላላቸው፣ ጎራዴ የሚለው ስምም ከዚያ የመጣ ነው የሚል ክርክር ማንሣት ይቻላል። በእኛ በኩል ግን ለዚህ ስም ባሕር መሻገር የሚያስፈልግ አይመስለንም። በአማርኛ ጎረደ ማለት ቆረጠ፣ አሳጠረ ማለት ነው። ጉርድ ቀሚስ አለ፤ በአዲስ አበባም ጉርድ ሾላ የተባለ ሰፈር አለ። ቆራጭ የሆነውን መሣሪያ ጎራዴ ለማለት የቱርክ አስተማሪ አያሻም። ሰይፍ የሚለው ቃል ሌላ ነው፤ በግዕዝ፣ በዐረብኛና በሱርስት ቋንቋ በአንድነት ስለሚገኝ፣ ከእነዚህ ዘመዶች አንዱን ብቻ አባት ማድረግ አይቻልም። ሾተል ደግሞ በፈረንጆች የመሣሪያ መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ የገባው በዚሁ በእኛ ስሙ ነው። ስሙን ከእኛ ተዋሱ፤ እኛ ግን ዕቃውን ከሌላ ተዋስን እንላለን።

ከሁሉ የሚበልጠው የግብፁ ክርክር ነው፤ ለዓይን የሚያሳምን ስለ ሆነ ወጣቱን ሹም አንነቅፈውም። ከእሱ በፊት ብዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎችም ተስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1922 ዓ.ም በተከፈተው በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ሁለት ማጭድ መሰል ሰይፎች ተገኝተዋል፤ ሥዕላቸውን ከሾተል ሥዕል ጎን ቢያስቀምጡት ወንድማማች ይመስላሉ። በእጅ ይዞ ላገላበጣቸው ሰው ግን ዝምድናው ይጠፋል። የግብፁ ሰይፍ ኸፔሽ ይባላል፤ በግብፃውያን ቋንቋ የበሬ የፊት እግር ማለት ነው። የተሠራው ከነሐስ ነው፤ የተሳለውም በጉብጠቱ በውጭው ወገን ስለ ሆነ እንደ ምሳር ይፈልጣል። ሾተል ግን የብረት ነው፤ ዋናው ሥራው በውስጠኛው ስለትና በጫፉ ነው። አንዱ ይፈልጣል፣ ሌላው ቆልምሞ ይወጋል። የሁለቱ አሠራር የማጭድና የምሳር ያህል የተለያየ ነው።

ዘመኑም አይገጥምም። ኸፔሽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1300 ዓመት ገደማ ከጦር ሜዳ ወጥቷል። አክሱም መንግሥት ሆና የቆመችው በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከልደት በኋላ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ማንም ያልያዘውን መሣሪያ ማን አቆይቶ አስረከበን? ደግሞም የመሣሪያ ታሪክ ዐዋቂዎች እንደሚሉት፣ ያ ማጭድ መሰል ሰይፍ ወደ ግብፅ የገባው ከከነዓንና ከመስጴጦምያ ወገን ነው። ግብፅም ተበዳሪ ናት። አበዳሪ ፍለጋ ከሄዱ መቆሚያ የለውም።

ጎባጣ ስለት በብዙ አገር፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር ተፈጥሯል። በዳኑብ ወንዝ አካባቢ የነበሩት ዳኪያውያን በሁለት እጅ በሚያዝ ማጭድ መሰል ሰይፍ የትራያኖስን ጦር ስላስጨነቁ፣ ሮማውያን የራስ ቁራቸውን በብረት ለማጠናከር ተገደዋል። በኮንጎ የማንግቤቱ ሰዎች ማጭድ የሚመስል ውብ ቢላዋ አላቸው። እነዚህን የፈርዖን ተማሪዎች ናቸው የሚላቸው የለም። እኛ ለሾተል ዘመድ እንፈልግ ብንል የምንሄደው ወደ ፈርዖን መቃብር ሳይሆን ወደ ቆላው ወደ አፋር ነው። አፋሮች በወገባቸው የሚታጠቁት ጊሌ ጎባጣና በሁለት ወገን የተሳለ ነው። ደገኛና ቆለኛ በጨው መንገድ ላይ ሲገናኝ ስንት ሺህ ዘመኑ! ከሁለቱ ማን ከማን ወሰደ ብሎ መሟገት ግን የጎረቤታሞችን እሳት ማን ለማን አቀበለ እንደ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም ስለ ሰይፍ ባሳተመው መጽሐፍ ሾተልን አጣጥሎታል፤ ስለቱ ወደ ውስጥ ነው፣ እጀታው ትንሽ ነው፣ ከሰገባው ለመምዘዝ ያስቸግራል ይላል። ሦስቱም እውነት ነው፤ ሾተልን እንደ እንግሊዝ ሰይፍ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው። ነገር ግን በርተን አንድ ነገር ዘነጋ፤ እሱም ጋሻው ነው። የደጋው ተዋጊ ሾተሉን ከጋሻው ለይቶ አያስበውም። ባላጋራውም በጎማሬ ወይም በጎሽ ቆዳ ጋሻ ተከልሎ ሲቆም ቀጥ ያለ ሰይፍ ከጋሻው ላይ ይቆማል፤ ሾተል ግን በጋሻው ጠርዝ ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ይፈልጋል። ጉብጠቱ የመጣው ከዚህ ነው። ነፍጥ በዝቶ ጋሻ ሲቀር ሾተሉም ቀረ፤ ጎራዴው ግን ለማዕርግና ለፎከራ ስለሚያምር ተረፈ። የሾተልን ምንጭ የሚፈልግ ሰው፣ የነገሥታትን መቃብር ከመቆፈር አስቀድሞ የገዛ አገሩን ጋሻ ቢመለከት በተሻለ ነበር።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር ውለን በገበያ ቀን ወደ ሞጣ ቀጥቃጮች ዘንድ ሄድን። አንድ በዕድሜ የገፉ ቀጥቃጭ ማረሻ ሊያሰሉ ለመጣ ገበሬ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጣሉ፤ ልጃቸው ወናፉን ይረግጣል። የሾተሉን ሥዕል በወረቀት ነድፈን አሳየናቸውና፣ «ይህን መሥራት ይቻላል ወይ?» አልናቸው። ወረቀቱን አላዩትም ማለት ይቀላል፤ ወዲያው ከጎናቸው ያለውን ማጭድ ብድግ አድርገው፣ «ይህን የሚያጎብጥ ሰው ያንን ለማጉበጥ ማን ዘንድ ይላካል?» አሉን።

እኛ ከመጻሕፍት ለቅመን ካመጣነው ክርክር ሁሉ ይህ ቃል ይበልጥ ገባን። ማጭድ በየዓመቱ አዝመራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ብረቱን አግሎ፣ ዳርና ዳሩን አሳስቶ፣ መካከሉን ወፈር አድርጎ ማጉበጥ የቀጥቃጩ የዕለት እንጀራ ነው። ታዲያ ይህ እጅ በዓይናችን ፊት እያለ አእምሯችን ወደ ካይሮ፣ ወደ ሊዝቦንና ወደ ኢስታንቡል ለምን ይሮጣል?

ምክንያቱን ሁላችን እናውቀዋለን፤ መናገሩ ግን ያሳፍረናል። ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን ነበር። በማረሻው አርሰን፣ በማጭዱ አጭደን፣ በጦሩ ተዋግተን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማስነገራቸው የስድቡን ክብደት ያሳያል፤ ያልተሰደበ ሰው ዐዋጅ አያስፈልገውም። እንግዲህ ይህን ያህል የናቅነው እጅ ያማረ ነገር ሠርቶ ብናገኘው፣ የሱ ነው ለማለት አፋችን አይታዘዝልንም። ስለዚህ ለሥራው ሌላ አባት እንፈልግለታለን፤ አባቱም ሩቅ በሆነ መጠን የከበረ ይመስለናል። የእኛ እምነት ይህ ነው፤ የሾተል ክርክር ከግማሽ በላይ የጥንት ታሪክ ክርክር ሳይሆን የቀጥቃጩ ክርክር ነው።

ይህን የሚያረጋግጥልን አንድ ነገር እኒያው ወይዘሮ ቤት ገጥሞናል። ሾተሉን የታጠቁትን ሰዎች ስም ከባለቤታቸው ጀምረው እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልን፤ አንዱንም አልሳቱ። ከመካከላቸው አንዱ ከዘመቻ በደኅና ቢመለስ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጠው ተስሎ እንደ ነበረ፣ ኋላም በሾተሉ ፈንታ ወይፈን እንደ ሰጠ ሁሉ አጫወቱን። (ስለት የሚለው ቃል ለብረቱም ለመሐላውም መሆኑን የደብረ ወርቅ የቅኔ ተማሪ ቢሰማ፣ ከዚህ ሰምና ወርቅ ሳያወጣ አያድርም ነበር።) በመጨረሻ፣ «የሠራውስ ማን ነው?» ብንላቸው፣ በጥያቄው ተደንቀው፣ «ቀጥቃጭ ነዋ!» አሉ። የሶሊንገን ሠራተኞች የከተማቸውን ስም በስለቱ ላይ ያትሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 ዓ.ም ጀምሮማ በዚያች ከተማ ያልተሠራ ስለት በስሟ እንዳይሸጥ ሕግ ወጥቶላታል። የሞጣው ቀጥቃጭ ስሙን ቢያትም የሚገዛው አልነበረም።

በመዝገብ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ቀላል ነገር እንዳትመስለን። ወይዘሮዋ እንደ ነገሩን፣ አንድ ነጋዴ ሾተሉን ሊገዛ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ቅርስ መሸጥ አያስጠይቅም ወይ ብለው ቢፈሩ፣ «የግብፅ ዕቃ ከሆነማ የአገር ቅርስ አይደለም፤ ማን ይጠይቅዎታል?» አላቸው። ይህ ነጋዴ ከእኛ ሁሉ ፈጥኖ የክርክሩን ጥቅም ተረድቶታል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209 ክልክል ነው። ነገር ግን ዐዋጁ የሚሠራው ወጣቱ ሹም በጻፈው ቃል ላይ ቆሞ ነው። በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ የተዘረፈውን ለማስመለስ ስንት ሰው ስንት ዘመን እየደከመ፣ እኛ እዚህ በብዕር ጫፍ ሌላውን ብናስወጣ ምን ይባላል?

ይህን ስንል የባዕድ ነገር ሁሉ ይካድ ማለታችን አይደለም። የቢቸናው ጎራዴ ላይ ሶሊንገን የሚለው ቃል ይጻፍ፤ ሽማግሌው ቢቆጡም ይጻፍ። እውነት የሚጎዳው ፎከራ ካለ፣ ፎከራው ይሻሻል። ዳሩ ግን ለጎራዴም ሆነ ለሾተል አንዲት መሥመር አትበቃም። ስለቱ የት ተሠራ? እጀታው የት ተገጠመ? ሰገባውን ማን ሰፋው? ማን ታጠቀው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት መልስ ሊኖራቸው ይችላል። የቢቸናው አንዱ መልስ ጀርመን፣ ሦስቱ ጎጃም ይሆናል፤ የሞጣው አራቱም መልስ ጎጃም ነው። በዚህ ዓይነት የተሞላ ቅጽ ከሆነ፣ የቢቸናው ሽማግሌ ሳይዋሹ ይፎክራሉ፤ የሞጣው ነጋዴም ሰበብ ያጣል።

ወጣቱን ሹም ይህን ሐሳብ ስናቀርብለት፣ ቅጹ ከበላይ የመጣ ስለ ሆነ እኔ ልለውጠው አልችልም አለን። እውነቱን ነው፤ ብዙ ነገር በዚህ መልስ ይቆማል። ጥቂት ካሰበ በኋላ ግን ማስመሪያውን አወጣና ግብፅ የምትለውን ቃል በቀጭን መሥመር ሠረዛት። በቅጹ ጀርባ ላይም በራሱ እጅ አራት መሥመሮች አሰመረ፤ ከዚያም ማንም ሳይነግረው አምስተኛ ጨመረ፤ «የቀጥቃጩ ስም» ብሎ።

ወይዘሮዋን እንደ ገና ጠየቃቸው። እሳቸው አያውቁም፤ ነገር ግን የባላቸው ታላቅ እኅት በሕይወት አሉ፤ ወደ ዓባይ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ይኖራሉ፤ ድሮ ለቤቱ ማጭድና ማረሻ ይሠራ የነበረውን የቀጥቃጭ ቤት እሳቸው ሳያውቁት አይቀሩም። መንገዱ በእግር የግማሽ ቀን ነው። ወጣቱ ሹም መሥመሯን ባዶዋን ተዋትና፣ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዞ መዝገቡን አጠፈ።